ከድንጋዩ እግር የተፋቀው ቁጥር

ጩማ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

አንድ ዋንጫ። ሁለት እንግዳ።

«ባልና ሚስት ናችሁ አይደል?» አለ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። «በኛ አገር የተዋደደ ሰው በአንድ ዋንጫ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ነው የሚጠጣው። ወተት ነው። ወይዘሮ ሰልዋ፣ አንተም ና፣ አትፈር!»

ሹፌሩ የላንድክሩዘሩን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ካጎነበሰበት ቀና አለ።

ኢሊያስ ሳቀ። ክንዱን በሴትየዋ ወገብ ዙሪያ አሳለፈ፣ ጉንጩን ከጉንጯ ገጠመ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ጠጡ። ወተቱ በአገጯ ወረደ። ኢሊያስ በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

ያ አውራ ጣት ለሥራው አያስፈልግም ነበር። ሹፌሩ እንደዚያ ነው ያሰበው።

እውነቱን እንናገር። ኢሊያስ ከአዲስ አበባ የመጣ ሀብታም የቅርስ ገዢ አይደለም። ሰልዋም ሚስቱ አይደለችም፤ ስሟም ሰልዋ አይደለም። ሩት ትባላለች። ሹፌሩ ደግሞ ዳና ይባላል። ሦስቱም ፖሊሶች ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ዳና ለሩት ሽማግሌ ልኮ ወላጆቿ እሺ ብለውታል፤ ሠርጉም ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። አሁን እጮኛው በሌላ ሰው ክንድ ውስጥ ሆና ወተት ትጠጣለች፣ እሱ የሞተር ዘይት ይለካል።

ከጩማ ሠራተኞች አንዱ በወላይትኛ «ሹፌሩ የጌታውን ሚስት በዓይኑ ሊውጣት ነው» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ።

ዳና እዚሁ ወላይታ፣ ቦዲቲ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። በመታወቂያው ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ፊቱን ሳይለውጥ የዘይት መለኪያውን በጨርቅ ጠረገ።

«ሹፌር!» ጠራው ኢሊያስ። «ና፣ መኪናህ ይችለው እንደሆነ እየው።»

ድንጋዩ ከጓሮ፣ እንሰቱ መሐል፣ ኮባ ለብሶ ተጋድሟል። ጩማ ኮባውን ገፈፈው። ከሰው ቁመት ትንሽ ያንሳል። ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ክብ ክብ ቅርጾች በተርታ ወርደውበታል። ማን እንደቀረጻቸው የሚያውቅ የለም። ከቦምቤ በታች ባለው ኮረብታ ላይ ከአባት ከአያት ጀምሮ ቆሞ ኖሯል፤ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሚምል የሚምለው እሱ ፊት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰዎቹ በጠዋት ሲነሱ ጉድጓዱን ብቻ አገኙት።

ጊዜው 1996 ነው። የቅርስ አዋጁ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። በአዋጁ መሠረት የተመዘገበ ቅርስ መሸጥ ወንጀል ነው፤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ካርድ ይሞላለታል። ይህን ድንጋይ ሊመዘግብ የሄደው ደገፉ የሚባል ባለሙያ ነበር። ቀለምና ብሩሽ ይዞ ሲቀርብ የድንጋዩ ጠባቂ ሽማግሌው ባዳቾ ከለከሉት። «ለመሆኑ ያንተ አባት ግንባር ላይ ቁጥር ይጻፋል?» አሉት። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ተስማሙ። ደገፉ ከመሬት በታች ባለው የድንጋዩ እግር ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ 17 ብሎ በመሮ ቀረጸ። ጉድጓዱ ተሞላ። ቦታው የት እንደሆነ የሚናገረው ካርዱ ብቻ ነው።

የቡድኑ አለቃ ንግሥቲ ከአዲስ አበባ ስትሸኘው ለዳና የሰጠችው ትእዛዝ አንድ ነበር። «ቁጥሩን በእጅህ ዳስስ። ቁጥሩ ካለ ክሱ አለ። ከሌለ ጩማ ‹ከማሳዬ ያወጣሁት ድንጋይ ነው› ብሎ ይስቅብናል።»

ዳና በድንጋዩ እግር በኩል ሄዶ አጎነበሰ። ክብደቱን የሚለካ መስሎ ጣቶቹን ከሥር ሰደደ።

ሻካራ ነው። ትኩስ ነው። ጣቱ ነጭ አቧራ ይዞ ወጣ።

ተፍቋል።

ቀና ብሎ ኢሊያስን ፈለገው። ኢሊያስ የሩትን ሻሽ ከኋላ እያሰረላት ነበር።

«ይችለዋል?» አለ ጩማ።

«ይችለዋል» አለ ዳና፤ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

«ሎኦ! ጥሩ ነው። ነገ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሶዶ፣ መጋዘን ውስጥ። እኔ ድንጋዩን አመጣለሁ፣ እናንተ ገንዘቡን አምጡ። አሁን እህቴን ሰገነትን ሶዶ ድረስ አድርሱልኝ፤ የመዘምራን ልምምድ አላት።»

ሰገነት ወፍራም፣ ደስተኛ ሴት ናት። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ከቦምቤ እስከ ሶዶ አንድ መዝሙር ለስምንት ጊዜ ዘመረች። እሷ እያለች ስለ ቁጥሩ መናገር አይቻልም። እሷ እያለች ኢሊያስና ሩት ባልና ሚስት ከመሆን በቀር ምርጫ የላቸውም። ዳና ይህን ያውቃል። ማወቅና ቆሽት ግን በተለያየ ቤት ነው የሚያድሩት።

በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። ኢሊያስ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። ዳና ያንን ሳቅ ከየትኛውም ሳቅ ለይቶ ያውቀዋል፤ የእሱ ነበርና።

ያመቀው ቅሬታ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። ለዚህ ሥራ የምስጢር ስም ሲታደል ኢሊያስ «ነብር» ተባለ። ሩት «ዕንቁ» ተባለች። ዳና? «ጎደሬ»! ጎደሬ ይባላል ሰው? ኢሊያስ በሱፍ ልብስ፣ ዳና ዘይት በጠጣ ካፖርት። ኢሊያስ የሆቴሉ ምርጥ ክፍል፣ ከሩት ጋር። ወለሉ ላይ ተኝቷል ይሉታል። ማን አየ? ዳና ከሌሎች ሹፌሮች ጋር በአንድ ክፍል ስድስት ሆነው፣ የሰው ማንኮራፋት እየሰማ።

ታዲያ ቁጥሩን ማን ፋቀው? ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሽማግሌው ባዳቾ? እሳቸው ሞታቸውን ይመርጣሉ። ደገፉ? በገዛ እጁ የቀረጸው፣ ቅርስ ቅርስ ሲል የሚውል ምስኪን ሰው! ኢሊያስስ?

ንግሥቲ ለኢሊያስ የማትነግረው ምን ነገር አለ?

አለቀ። መኪናው ሶዶ ሳይገባ ዳና ፈርዶ ጨርሷል። ኢሊያስ ከጩማ ጋር ተዋውሏል። ድንጋዩንም፣ ሩትንም፣ ሁሉንም ሊወስድ ነው።

ሰገነትን ቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ አወረደ። ባልና ሚስቱን ሆቴሉ በር ላይ አወረደ። ሩት ስትወርድ ዓይኗን ወደ እሱ ወርወር አደረገች። አላያትም፤ ላለማየት አንገቱን አዙሮ ነበር።

ቴሌ ሄደ። መስመሩ ተበላሽቷል፣ ነገ ይሞክሩ ተባለ።

ለእንዲህ ያለ ቀን አንድ በር ተትቶለታል፤ ያም ደገፉ ነው። ደገፉ የሚያውቀው ሹፌሩ ለፖሊስ ወሬ የሚያቀብል ሰው መሆኑን ብቻ ነው። ገዢዎቹን እውነተኛ ገዢዎች ይላቸዋል፤ እንደዚያ እንዲያምን ነው የተፈለገው። አንድ የውጭ ሰው ከቡድኑ ከአንድ ሰው በላይ አያውቅም። ሕጉ ይሄ ነው።

ሠራተኛ ወጥቷል፣ ደገፉ ግን ቢሮው ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካርዶች ይደረድራል።

«ሳሮ፣ ወንድም ሹፌር! ግባ፣ ግባ። ምነው ፊትህ?»

«ቁጥሩ ተፍቋል።»

ደገፉ ጭንቅላቱን ያዘ። «ወይኔ ጌታ ሆይ! እኔ በዚህ እጄ የቀረጽኩት! ማን ይመስልሃል?»

«ገዢው።»

«እሱ ከየት ያውቃል? ነጋዴ አይደል እንዴ?»

ዳና እዚህ ላይ ተነስቶ ቢሄድ ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

ደገፉ ካርዶቹን እያስተካከለ በየዋህ ድምፅ ቀጠለ። «እኔ እንጃ። ትናንት ገበያ አይቻቸዋለሁ፣ እሱንና ሚስቱን። እንዴት ይዋደዳሉ! ሙዝ ልጦ ሲያጎርሳት አየሁ። እንደዚያ ሚስቱን የሚወድ ሰው ሌባ አይመስለኝም።»

«ሚስቱ አይደለችም!»

ደገፉ ካርዶቹን አስቀመጠ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ዳና መመለስ ይችል ነበር፣ ቀልድ ማስመሰል ይችል ነበር። ሙዙ ግን አላስቻለውም።

«ሚስቱ አይደለችም። የኔ እጮኛ ናት። እሱም እሷም እንደኔ ፖሊሶች ናቸው። እሱ ነው የከዳን፣ ሰማህ? እሱ ነው!»

ደገፉ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«አይዞህ ወንድሜ» አለው በመጨረሻ። «ቅናት ክፉ ነገር ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። ለማንም አልናገርም። ሂድ፣ ተኛ።»

ዳና ሄዶ ተኛ። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ የቴሌው መስመር ተጠግኖ ነበር።

«ጎደሬ ነኝ።»

«ተናገር» አለች ንግሥቲ።

«ቁጥሩ ተፍቋል። የፋቀው ነብር ነው።»

«ማስረጃ?»

«ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«አያውቅም።»

«እንዴት አያውቅም?»

«አልነገርኩትማ። ለዕንቁም አልነገርኩም። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።»

ዳና የስልኩን እጀታ ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረ፣ የመጀመሪያው የተሳሳተ ይመስል። «ለኔ ብቻ?»

«ታዲያስ። ከሦስታችሁ አብልጬ የማምነው አንተን ነበር። ከአንተ ሌላ የሚያውቀው መዝጋቢው ነው። ለመዝጋቢው የነገርከው ነገር አለ እንዴ? ሃሎ? ሃሎ!»

እጀታው ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

የሆቴሉን ደረጃ ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ የለም። በትከሻው ገነጠለው። ሩት በባዶ እግሯ ወለሉ መሐል ቆማለች።

«የት ነበርክ?» ጮኸች። «የት ነበርክ አንተ?»

«ኢሊያስስ?»

«ወሰዱት! አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሰዎች በጭነት ኢሱዙ መጡ። ርክክቡ ተቀድሟል፣ ሁለታችሁም ኑ አሉን። ፊታቸውን አየና ‹ባለቤቴን ሆዷን አሟታል፣ እኔ ብቻዬን እመጣለሁ› አላቸው። ልከተለው ስል ከውጭ ቆለፈብኝና ቁልፉን ይዞ ወጣ። ምን ላድርግ? ብጮህ እዚያው ይገድሉታል። ስልክም የለኝ።» ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። «በመስኮት በኩል አንደኛው ሰውዬ ‹በዲምቱ ነው የምንወጣው› ሲል ሰምቻለሁ።»

ኢሊያስ ሊያተርፋት ብሎ ብቻውን ሄዷል። ዳና ይህን ሰምቶ በመጀመሪያ የተሰማው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ቅናት። እኔ መሆን ነበረብኝ አለ በሆዱ። ኀፍረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ላንድክሩዘሩ ወደ ምሥራቅ በረረ። ሩት ዛሬ ከፊት ወንበር፣ ከጎኑ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር።

«ማን ነገራቸው?» አለች።

መሪውን ጨበጠ።

«ዳና፣ ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

ሁለተኛ አልጠየቀችም። ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፣ ከዚያም እስከ ዲምቱ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ኢሱዙውን ኬላው ላይ ደረሱበት። ርቆ መሄድ ነበረበት፤ ግን ሌባም ቢሆን ማኅተም ያዥዋን መጠበቅ አለበት። ደገፉ ወረቀቱን ለማስመታት ልጅቷ ቢሮ እስክትገባ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሟል። አሁን ጋቢና ውስጥ፣ ከጩማ ጎን፣ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል። የኬላው አሥር አለቃ የወረቀቱን ቅጂ አስቀርቶ ገመዱን አወረደ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ዳና ነዳጁን ረገጠው። ከግራ በኩል ወጣ፣ ቀደመው፣ ላንድክሩዘሩን መንገዱ ላይ አጋደመው።

ኢሱዙው ፍሬን ያዘ። ጎማው ጮኸ። ከኋላ፣ ከሸራው ሥር፣ አንድ ከባድ ነገር ተንሸራቶ ጓ! አለ።

«ፖሊስ ነኝ!» ዳና መታወቂያውን አውጥቶ ዘለለ። «መኪናው ይታገት!»

አሥር አለቃው አንዴ መታወቂያውን አንዴ ወረቀቱን አየ። «ጋሼ፣ ይሄ ሕጋዊ ነው። ቅርስ ለጥገና ወደ አዋሳ ይሄዳል ይላል። ማኅተምም አለው፣ ፊርማም አለው።»

«እኔ ራሴ ነኝ የፈረምኩት» አለ ደገፉ ከጋቢናው ወርዶ። «ይሄ ሰውዬ የነጋዴ ሹፌር ነው። ሰክሮ ነው።»

ጩማ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ዳና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሥር አለቃ፣ ወረቀቱ ላይ የቅርሱ ቁጥር ስንት ይላል?»

«አሥራ ሰባት።»

«ጥሩ። በአዋጁ መሠረት ቅርስ ሲጓጓዝ የወረቀቱና የቅርሱ ቁጥር ይመሳከራል። አቶ ደገፉ፣ አሥራ ሰባት ቁጥርን አሳየን።»

ደገፉ ወደ ጋቢናው አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

ሊሸጡት ሲሉ ቁጥሩን ፋቁት፤ ሊያሳልፉት ሲሉ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ደገፉ አሥራ ሁለት ዓመት ካርድ ሞልቷል፣ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትቶ ማለፍ እጁ አልለመደም።

«ቁጥር ከሌለው ይሄ ወረቀት የዚህ ድንጋይ አይደለም» አለ ዳና፤ ድምፁ እየሞቀ፣ ደስ እያለው። «ነበረው ከተባለ ደግሞ ማን ፋቀው? ከድንጋዩ እግር ሥር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ንገረው እንጂ! በመሮ ነው የፋቅከው ወይስ...»

«ዳና!»

ሩት ከኢሱዙው ላይ ናት። ሸራውን ገልጣዋለች።

«ዳና፣ እዚህ ነው! እግሩ! ድንጋዩ እግሩ ላይ ነው!»

ኢሊያስ እጅና እግሩ ታስሮ፣ አፉ በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ ከድንጋዩ ጎን ተጋድሞ ነበር። ፍሬኑ ሲያዝ ድንጋዩ መጥቶ ቅልጥሙ ላይ ተኛ። አልጮኸም፤ መጮህ አይችልም። ዳና እዚያ ቆሞ ስለ ቁጥር ሲራቀቅ፣ እሱ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ በዓይኑ ብቻ ይጮህ ነበር።

ጩማ ሽጉጡን ሊያወጣ ሲሞክር የኬላው ፖሊሶች ጣሉት። ደገፉ አልሮጠም፤ መንገዱ ዳር ተቀምጦ መነጽሩን ጠረገ። ድንጋዩን ለማንሳት ሰባት ሰው ፈጀ። ዳና ከእግሩ በኩል ነበር ያነሳው፤ ጣቱ ያንኑ ሻካራ ቦታ ነካ።

የኢሊያስ ቀኝ እግር በዚያው ቀን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ድንጋዩ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ሽማግሌው ባዳቾ መሮ የያዘውን አዲሱን መዝጋቢ ይዘውት ወደ ድንጋዩ ፊት አዞሩት። «አሁን እዚህ ጻፍ» አሉት። «ድንጋዩ ያፍራል ብዬ ደብቄለት ነበር። ይፈር። ሰው ሁሉ ያንብበው።» ዳና ይህን ያየው ከሰው መሐል፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነው።

ሩትን ያገኛት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። የሾርባ ዕቃ ይዛ ወደ ኢሊያስ ክፍል ስትሄድ መንገዷ ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አላት። «በአንቺና በእሱ መካከል...»

«አሁንም?» አለችው። «እስካሁንም ይሄንን ነው የምትጠይቀኝ?»

አፈረ። ግን ከመንገዷ አልተነሳም።

«ምንም አልነበረም» አለች ሩት። «አንድም ቀን። ወለሉ ላይ እየተኛ ስለ ሠርጋችን ነበር የሚያሾፍብኝ። መኪና ውስጥ ያሳቀኝ ምን ብሎ መሰለህ? ‹እጮኛሽ በመስታወት ሊገድለኝ ነው› ብሎ ነው። ምንም አልነበረም፣ ዳና። አሁን ግን አለ። አንተ ያመጣኸው እግር አለ። ይሄንን ረግጬ ከአንተ ጋር ሠርግ አልገባም። ሽማግሌዎችህን መልስ።»

በጎኑ አልፋው ሄደች።

አዲስ አበባ ላይ ንግሥቲ ዳና የሞላውን ሪፖርት ከፊቷ ዘርግታ አነበበች። ሁሉም ቦታ ተሞልቷል። ጩማና ደገፉ ፍርድ ቤት ቀርበዋል፣ ቅርሱ ተመልሷል፣ ተልእኮው ተሳክቷል። ምስጢሩ የወጣበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«‹ቀንቼ›» ብላ አነበበች። «ዳና፣ ይሄ በመንግሥት ወረቀት የሚጻፍ ምክንያት አይደለም።»

«ሌላ የለኝም።»

ንግሥቲ ከመሳቢያዋ አዲስ መታወቂያ አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። ሌላ ስም፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ሥራ። ማንም የማያውቀው ከተማ ውስጥ ማንም የማይጠይቀው ሰው ይሆናል። ዳና ሳያነበው ኪሱ ከተተው።

በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው።

«ሩት የት እንዳለህ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«አትጠይቅም» አለ፣ ወጣ።

ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት ተጨመረ። አልጠየቀችም።